ስልሳ ሳንቲም ባዶ ቦታ

ሰው ባዶ ቦታ አይወድም። ይህን በደንብ የተማርኩት ወንድሜ ባሠራው ባለ ሃያ ስድስት ፎቅ ህንፃ ዙሪያ ስልሳ ሳንቲም የሚሰፋ ክፍተት ትቼ፣ ሰዉ ምን ምን እንደሚከትበት ባየሁ ጊዜ ነው። ጥበቃው ወንበሩን ገተረበት። ቀለም ቀቢዎቹ ባዶ ጣሳቸውን ጣሉበት። የወንድሜ ሚስት አበባ ልትተክልበት አንድ መኪና አፈር አስመጣች። አርክቴክቱ ደግሞ በመጣ ቁጥር "ይሄ ጉድጓድ የህንፃዬን መልክ አበላሸው" እያለ ሙሾ ያወርዳል።

ጉድጓድ አይደለም። ከተማችን መሬት የሚንቀጠቀጥባት ከተማ ናት፤ በዓመት ሁለት ሦስቴ ብርጭቆ ታንቃጭላለች፣ በትውልድ አንዴ ደግሞ ሰፈር ሙሉ ይዛ ትወርዳለች። ስለዚህ እኔ መሐንዲሷ ህንፃውን በቀጥታ መሬት ላይ አላሳረፍኩትም። ከምድር ቤቱ በታች፣ በያንዳንዱ ምሰሶ እግር ሥር፣ ጎማና ብረት እየተነባበረ የተሠራ ወፍራም ትራስ አለ። መሬቱ ሲናጥ ትራሶቹ ይለጠጣሉ፤ ህንፃው ከላያቸው ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ውስጡ ያለው ሰው ይተርፋል። ወዲያና ወዲህ ለማለት ቦታ ያስፈልገዋል። ክፍተቱ ለዚያ ነው። ከላይ የሚንሸራተት ብረት ይሸፍነዋል፣ ከሥር ባዶ ይሆናል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ይህን ለወንድሜ ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁት እኔና ጉሮሮዬ እናውቃለን።

ወንድሜን ሰፈሩ "ባለሰማዩ" ይለዋል። እሱ ሙገሳ ይመስለዋል፤ በስም ካርዱ ላይ ሊያሳትመው ምንም አልቀረው። ገና የመጀመሪያው ፎቅ ሳይወጣ ጀምሮ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ ነበር የሚሄደው፣ ከእግሩ ሥር ያለ ነገር ጉዳዩ አልነበረም።

ህንፃው ሊያልቅ ሲል የሳንባ ምች ያዘኝና አልጋ ላይ ሰነበትኩ። ተሽሎኝ ስመጣ፣ በዋናው መግቢያ ማዕዘን ላይ አባቴ ቆሟል።

አባቴ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዳ፣ አንድ ቦታ ሁለት ቀን መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ወንድሜ የቀጠረው ቀራፂ ከጥቁር ድንጋይ አውጥቶ ሙሉ ልብስ አለበሰው፣ ከረባት አሰረለት፣ መሪ ይዞ በኖረ እጁ ወፍራም መጽሐፍ አስያዘው። አባቴ ከረባት አስሮ አያውቅም። በእጁ ይዞ ያየሁት መጽሐፍ ቢኖር የመኪናው ሊብሬ ነው። ፊቱም ቢሆን የእሱ አይደለም፤ ምርጫ ሊወዳደር የተነሳ ሰው ፊት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። የማያስቀው መቆሚያው ነው። ግማሹ ህንፃው ላይ፣ ግማሹ መንገዱ በኩል ባለው መሬት ላይ አርፏል። በመሀል ያለውን ክፍተቴን ከታች እስከ ላይ አርማታ ሞልተውት፣ በሁለቱም በኩል በወፍራም ብረት ጠፍረውታል።

"ይሄን ማን ሞላው?" አልኩት ወንድሜን።

"እኔ ነኛ። አባዬን ጉድጓድ ላይ ላቆመው ኖሯል?"

"ወንድም ጋሼ፣ ህንፃውን ከመሬት ጋር አሰርከው እኮ። ሦስቱ ማዕዘኖች ሲንቀሳቀሱ ይሄኛው አይንቀሳቀስም። ህንፃው ይጠመዘዛል። እዚህ ሥር ያሉት ምሰሶዎች ይሰበራሉ።"

"ሦስት ማዕዘን አለሽ አይደል እንዴ? ለአባትሽ አንዷን ነፈግሽው?"

ወደ አርክቴክቱ ዞርኩ። የሐውልቱን መጽሐፍ በመሀረቡ እየወለወለ፣ "ከእይታ አንፃር ማዕዘኑ ክብደት ይፈልግ ነበር" አለኝ። ይህ ሰው አርማታን የሚያውቀው ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው። የከተማውን ተቆጣጣሪ ጠራሁ። መጣ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ከሐውልቱ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሳ፣ ሄደ።

ወንድሜ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "እማዬ ይፍረስ ካለች ነገውኑ አፈርሰዋለሁ" አለኝ። እንደማትል ያውቃል።

እናታችንን ከማንም በፊት አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ያስገባት እሱ ነው፤ ለገዢዎች "የገዛ እናቴን ያስቀመጥኩበት ነው" እንዲል። እሷም ሐውልቱ ከቆመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ጨርቅ ይዛ በሊፍት ትወርድና የድንጋዩን ጫማ ትወለውላለች። ሙሉ ልብሱን አትነካም፣ መጽሐፉን አታይም። ጫማውን ብቻ።

ቤቷ ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ አባዬ ከመኪናው ሥር እየተለጠጠ ንዝረቱን የሚችለውን ባሌስትራ በሽቦ ጠፍሮ አስሮት ቢነዳ ምን ይሆን ነበር?"

"ምን ሲል ያስረዋል? በመጀመሪያው ጉድባ ይሰበርበታላ።"

"ይሄም ቤት ባሌስትራ ላይ ነው የቆመው። ያ ሐውልት የቆመበት አርማታ አስሮታል። መነሳት አለበት።"

እንዳልገባት ልታስመስል ትችል ነበር፤ አላደረገችውም።

"ገብቶኛል" አለች። "ግን ስሚኝ፤ አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ በየመንገዱ ሲያድር እኔ በር በር ሳይ ኖርኩ። አሁን ገና በሬ ላይ ቆመልኝ። ተይልኝ።"

ለወንድሜ ቁጣ ነበረኝ፣ ለአርክቴክቱም ንቀት ነበረኝ። ለዚህ ግን ምንም አልነበረኝም። ተነስቼ ወጣሁ።

መሬቷ ብዙ አልቆየችም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ትንሽ ነቅነቅ አለች። በጎረቤት ያሉት አሮጌ ቤቶች ውስጥ ሰዉ ማንኪያውን እንኳ አላስቀመጠም። አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን የእናቴ የብርጭቆ ቁም ሳጥን በግንባሩ ተደፋ፣ ስባሪው ክንዷን ቆረጣት። ስደርስ ጠረጴዛ ሥር ቁጢጥ ብላ ክንዷን በቀሚሷ ጠቅልላ አገኘኋት። ጎማ ላይ በቆመ ህንፃ ውስጥ በዚያች ንቅናቄ አንዲት ብርጭቆ መውደቅ አልነበረባትም። ክንዷን በፋሻ አሳስሬ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ሐውልቱ ሥር ያሉት ሁለት ምሰሶዎች ከላይ እስከ ታች በሰያፍ ተሰንጥቀዋል። ጣቴን ሰደድኩት፣ ገባ።

ተመልሼ ስወጣ ወንድሜ መግቢያው ላይ ሰው ሰብስቦ እጁን የሐውልቱ ትከሻ ላይ ጭኗል።

"ያዘው!" ይላል፣ እንባ በዓይኑ ሞልቶ። "አባዬ ህንፃውን በእጁ ያዘው። አንዲት ድንጋይ አልወደቀችም።"

ሰዉ ያጨበጭባል። አርክቴክቱም ያጨበጭባል። ስለ ምሰሶዎቹ ስናገር፣ "ስንጥቅ የሌለበት ምን ህንፃ አለ?" አለኝ፣ ያ የህንፃው ፊት ላይ አንዲት የቀለም ጠብታ ሲያይ ቀኑን ሙሉ የሚያኮርፍ ሰውዬ። ወንድሜ እዚያው እንደቆመ ለቀሩት ሦስት ማዕዘኖች ሦስት ሐውልት አዘዘ። አንደኛው ለአባታችን አባት፣ ሁለተኛው ለእናታችን አባት። ሦስተኛው ለማን እንደሆነ ሲጠየቅ አንገቱን ደፋ፤ በሕይወቱ ሲያፍር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ቀራፂው ግን የማንን ትከሻ በዓይኑ ሲለካ እንደቆየ ሁላችንም አይተናል።

እናቴን ከዚያ ቤት ላወጣት ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት። አልወጣም አለች። እሷን ማስወጣት ሲያቅተኝ እኔ ገባሁ፤ ፍራሼን አምጥቼ ሳሎኗ ውስጥ ዘረጋሁ። ብልህነት አልነበረም፣ ህንፃውንም አያጠነክረውም። እናቴ ብቻዋን እዚያ ላይ ሆና ማሰብ አልቻልኩም፣ ያ ነው።

ወንድሜ ይህን ሲያይ የልብ ልብ ተሰማው። በሳምንቱ ከሐውልቱ በላይ ሦስት ፎቅ የሚሸፍን ጨርቅ ተሰቀለ። የራስ ቁር ያደረግሁበት ፎቶዬ ነው፤ መቼ እንዳነሳኝም አላውቅ። ከሥሩ "ህንፃውን የነደፈችው መሐንዲስ ራሷ ትኖርበታለች" ይላል።

ደላሎቹ ገዢ ባመጡ ቁጥር እኔን ያሳያሉ። አንድ ቀን ሕፃን ያዘለች ሴት ከባሏ ጋር ሊፍቱ በር ላይ አገኘችኝ።

"እውነት እዚሁ ነው የሚኖሩት?" አለችኝ።

"አዎ። እናንተ ግን አትግቡ። ምሰሶው ተሰንጥቋል።"

ደላላው ሳቁን ለቀቀው። "ኢንጂነር ቀልድ ትወዳለች" አላቸው። ሴትዮዋ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ እሷም ሳቀች። እዚያ እየኖርኩ አትኑሩ ስል ማን ያምነኛል? እናቴን ልጠብቅ ብዬ የገባሁትን እኔን ወንድሜ ሕፃን ላዘሉ ሰዎች ማታለያ አደረገኝ።

የሦስቱን ሐውልቶች ቦታ የሚያዘጋጁት ሠራተኞች በማግስቱ ጠዋት መጡ። አዲስ ናቸው፤ ክሬን፣ ገመድና የአርማታ መስበሪያ ማሽን ይዘዋል። ወንድሜ አልነበረም፤ ቀራፂው ዘንድ አፍንጫውን ሊያስለካ ሄዷል። ፎርማኑ ወደ ላይ ፎቶውን አየ፣ ወደ ታች እኔን አየና ቆቡን አወለቀ።

"ኢንጂነር፣ ከየትኛው ማዕዘን እንጀምር?"

የእናቴን እርጥብ ጨርቅ አሰብኩ፣ ሕፃኑን አሰብኩ።

"ከዚህኛው" አልኩት፣ አባቴን እያሳየሁ።

"ይሄኛውማ የቆመ ነው። ሦስት አዲስ ነው የተባልነው።"

"ፎቶው ላይ ያለው ማነው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"እንግዲያው ጀምሩ።"

ሐውልቱን ሳይሰበር ሊያነሱልኝ ደክመዋል። ገመድ በብብቱ አስገብተው ክሬኑ ሲስበው ግን፣ ብረቱ በእግሮቹ በኩል ወደ አርማታው ጠልቆ ስለነበር ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተቆረጠ። አባቴ ከነከረባቱ፣ ከነመጽሐፉ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ጫማው መሬት ቀረ። ሊፍቱ የተከፈተው ያኔ ነው። እናቴ ጨርቋን ይዛ ቆመች። አልጮኸችም። ፎርማኑ ማሽኑን አጠፋው። ወደ ጫማዎቹ ሄዳ፣ እንደ ሁልጊዜው ወለወለቻቸውና፣ "እነዚህን አውጡልኝ" አለችው ፎርማኑን። እኔን አላየችኝም።

አርማታው እስከ ታች ተሰብሮ ከወጣ በኋላ ወንድሜ መጥቶ ያለኝን አልጽፈውም፤ ግማሹን ስድብ ከዚያ በፊት ሰምቼውም አላውቅም። ግን ምንም ማድረግ አልቻለም። ፎቶዬን ቢያወርድ ገዢው ለምን ይለዋል፣ ክፍተቱን መልሶ ቢሞላ ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ራሷ ስትሰብረው ከተማው አይቷል። ስለዚህ ያው ባለሰማዩ መግቢያው ላይ ቆሞ፣ ነገሩ ከመጀመሪያውም በእቅድ የተያዘ እንደነበር ለሰዉ አስረዳ። አርክቴክቱም ማዕዘኑ "ከእይታ አንፃር ቀለል ማለት ይፈልግ ነበር" አለ። ሦስቱ ሐውልቶች በዚያው ተረሱ። የተሰነጠቁትን ምሰሶዎች በብረት አልብሼ ጠገንኩ፤ አባቴ ምድር ቤት በሸራ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

እናቴ ጫማዎቹን አሥራ አራተኛ ፎቅ አስወጣቻቸው። በሩ ሥር ነው ያኖረቻቸው፣ ባለቤታቸው ገብቶ እንዳወለቃቸው ሁሉ። እኔን አታናግረኝም። ሳህኔን ታቀርባለች፣ ብርድ ልብሴን ታስተካክላለች፣ ቃል ግን የለም። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ቤት ገብቼ እነዚያን ጫማዎች ተራምጄ ባለፍኩ ቁጥር ትክክል መሥራቴን አውቃለሁ፣ ደስ ግን አይለኝም ነበር።

ከዚያ መሬቷ ተመልሳ መጣች። አሁን የቀድሞው ዓይነት ነቅነቅ አይደለም፤ መንገድ ላይ ሰው ያስሮጠ፣ አጥር የጣለ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። ወለሉ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። መጋረጃው ከግድግዳው ራቅ አለና ተጠጋ። አዲሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ብርጭቆዎቹ በሚያንሾካሹክ ድምፅ ተነካኩ፣ አንዱም አልወደቀም። ሻዩ ከስኒው ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። በሩ ሥር ያሉት ጫማዎች ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። እናቴ እጄን አጥብቃ ይዛለች።

"አለቀ?" አለችኝ።

ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

"አለቀ፣ እማዬ።"

እጄን ሳትለቅ ወደ በሩ አየች፣ ወደ ብርጭቆዎቿ አየች፣ ሻይዋን ጨረሰች።

"ነገ በጠዋት ውረጂና ያን ክፍተት እዪው" አለች። "ወንድምሽን አላምነውም።"