የአጥንቱ ድርሻ

ሙሽሪት የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሚስት ነች። ሁለት ልጅ ወልዳ፣ ትልቁ ጥርሱን መንቀል ጀምሮ እንኳ አሁንም ሙሽሪት ነች። ስሙን ያወጡላት አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ናቸው። እኔ ከሷ ስድስት ዓመት ቀድሜ እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ገብቼ አንድ ቀን ሙሽሪት ተብዬ አላውቅም። እኔን «እሜቴ» ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ሲሉኝ ልቤ ቅቤ ይጠጣ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን እሜቴ የተባለች ሴት ትከበራለች እንጂ ማን ይቀርባታል?

የምንኖረው በአንድ ቤት ነው፤ እነሱ ፎቅ ላይ፣ እኛ ምድር ቤት፣ አማቴ አባባም ከኛ ጋር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ስወጣ አንድ ሙሉ ዶሮ ገዝቼ እመጣለሁ። ሙሉው ከተቆራረጠው ስለሚረክስ አንዱን ዶሮ ለሁለት ቤት እንካፈለዋለን፤ ለሳምንቱ እሱ ነው። የምበልተው እኔ ነኝ። ፋብሪካም ሥራዬ ጨርቅ መቁረጥ ነውና ቢላዬ መገጣጠሚያ አይስትም። ደረቱና ጭኑ ለኔ፣ ጀርባው፣ አንገቱ፣ ክንፉና ቆዳው ለሙሽሪት። ግፍ ነው የሚል ካለ ይበል፤ አባባ የሚበሉት ከኔ ማዕድ ነው፣ ለሽማግሌ አጥንት አላቀርብም። ሙሽሪትም «እሺ እትዬ» ትልና ሳህኗን ይዛ ወደ ላይ ትወጣለች። ፈገግ እያለች። እሱ ፈገግታዋ ነው የሚያቃጥለኝ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አባባ ከወንበራቸው ይነሳሉ። «እሜቴ፣ በረንዳው ላይ አየር ልቀበል» ይላሉ። በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ የደረጃውን ብረት ይዘው፣ አሥራ አራቱን ደረጃ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ከወጡ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሽታው ይወርዳል። መጀመሪያ የሚቁላላ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ መረቅ፣ ከዚያ በዶሮ ስብ የሚጠበስ ድንች። እሳቸው እስኪወጡ ጠብቃ ነው ድስቷን የምትጥደው እል ነበር፤ ሆን ብላ፣ ሽማግሌውን በሆዳቸው ልትወስድብኝ።

ለእራት ሲወርዱ እኔ ያቀረብኩትን ሁለቴ ይጎርሱና «ተባረኪ፣ ጠገብኩ» ይላሉ። ደረቱ እንደ ቡሽ ሳህናቸው ላይ ይቀራል። ልጄም አትረባም፤ አንድ እሑድ ከንፈሯ በስብ አብረቅርቆ ከላይ ወረደችና «እማዬ፣ የላይ ቤት አጥንት እጅ ያስቆረጥማል» አለችኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

እኔ ቀናተኛ አይደለሁም። በልብስ ቀንቼ አላውቅም፣ በመልክ ቀንቼ አላውቅም፣ በሰው ቤት ቀንቼ አላውቅም። በአንድ አንገትና በአንድ ጀርባ ግን እርር ድብን አልኩ።

እንዲህ ያንጨረጨረኝ ያለ ነገር አይደለም። አባቴን ያጣሁት ልጅ ሆኜ ነው። አባባ ከሁለት ዓመት በፊት ጓዛቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ዘግይቶም ቢሆን አባት አገኘሁ አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እግራቸው አብጦ፣ ጣታቸው በቢላ ጠባሳ ተሞልቶ ነው የመጡት። «በቃዎት! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ሽንኩርት እንኳ አይልጡም» ብዬ ማልኩ። ነጭ የሥራ ሽርጣቸውን ቀድጄ የመስኮት መወልወያ አደረግኩት። ሳቅ አሉ። ከዚያ ወዲያ ወንበራቸው መስኮቱ ሥር፣ ምግባቸው እጃቸው ላይ። አንዲት ሴት ለአማቷ ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?

ታዲያ በዚያ ሰሞን የባለቤቴ ወንድም ሥራው አካባቢ ቤት አገኘ። በወሩ መጨረሻ ሊለቁ ነው። እሰይ ልል አፌን ስከፍት፣ ባለቤቴ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ፣ ፊቴን ሳያይ፣ «አባባ ከነሱ ጋር ልሂድ ብለዋል» አለኝ።

«ምን ጎደለባቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሜቴን አላስቸግር ነው ያሉት።»

«መቼ አስቸገሩኝ? ምን ያልኳቸው ነገር አለ?»

«ምንም አላልሽም። ሰው ደስ የሚለው ጋ ይሄዳላ።»

ይቺን ቃል ይዤ ከቤት ወጣሁ። ያን ቀን ፋብሪካ የአርባ ሸሚዝ እጅጌ ገልብጬ ቆረጥኩ። አለቃዬ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ «አጥንት» አልኩት። ሰውየው ሐኪም ቤት ሂጂ ብሎ ፈቃድ ሰጠኝ።

ቅዳሜ ዶሮውን ቆራርጬ ስጨርስ ሳህኖቹን አቀያየርኳቸው።

«ዛሬ አጥንቱን እኔ እወስዳለሁ። ደረቱም ጭኑም ያንቺ።»

ሙሽሪት ፊቷ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ እኔ ደረት መሥራት አልችልም እኮ።»

«አጥንቱንስ ማን አስተማረሽ?»

ቀላችና ሳህኑን አንስታ ወደ ላይ ወጣች። ያዝኳት አልኩ በልቤ። ሙያው ያለው አጥንቱ ላይ ነው፣ እሷ ላይ አይደለም።

እሑድ አጥንቱን ድስት ሙሉ ውሃ ውስጥ ከተትኩና እሳቱን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። እኔ ሁሌም የምሠራው እንደዚህ ነው፤ እየሮጥኩ፣ በትልቅ እሳት፣ ቶሎ። አባባ ከወንበራቸው ሆነው ድስቱን አየት አደረጉ። አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። ከዚያ «እሜቴ፣ አየር ልቀበል» ብለው ወጡ።

የኔ ድስት የዕቃ እጣቢ የመሰለ ነገር አወጣ። ከላይ ደግሞ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ሸተተኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቡሽ ሳደርገው በኖርኩት ደረት! ደሜ ፈላ። ማማሰያዬን እንደያዝኩ ደረጃውን ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል።

አባባ ምድጃው ፊት ቆመዋል። እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ ዳክዬ የተሳለበትን የልጆቹን ፎጣ ወገባቸው ላይ አስረዋል። ሙሽሪት አጠገባቸው ካሮት ትልጣለች።

«አይደለም! አንቺ ሙሽሪት፣ ስንቴ ልንገርሽ? ደረት ችኮላ አይወድም። ሁለቱንም ጎን ቀላ አድርጊው፣ ትንሽ ውሃ፣ ክደኚው፣ እሳቱን አጥፊና ተዪው። በገዛ ሙቀቱ ይበስልልሻል። እኛ በአርባ ዶሮ ሁለት መቶ በሽተኛ አብልተናል!»

ጉልበታቸውን ረስተውታል። ድምፃቸው እንዲህ ወፍራም መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር። ማማሰያው ከእጄ ወደቀ።

«እሜቴ» አሉና ፎጣውን ሊፈቱ ተጣደፉ፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው። እሱ ነው የገደለኝ።

«እትዬ፣ በሞቴ እንዳትቆጪ» አለች ሙሽሪት። «እኔ ምን ሙያ አለኝ? እዚህ ከመጡ ጀምሮ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። እሜቴ ከሰማች ታዝናለች፣ አፍሽን ያዢ ብለውኝ ነው።»

«አባባ፣ ታች ምድጃ የለም እንዴ?» አልኩ።

ፎጣውን አጣጥፈው አጣጥፈው መሐረብ አሳከሉት። «ሽርጤን የቀደድሽው ቀን፣ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ ማለት ነው አልኩ። እንግዳ ደግሞ የሰው ድስት አይከፍትም። ምንም አላጎደልሽብኝም እሜቴ። ቀኑ ነው የረዘመብኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለት ዓመት የቀናሁበት እጅ ከኔው ቤት ወጥቶ የሄደ እጅ ነው። እኔው ራሴ ነኝ አሥራ አራት ደረጃ ያስወጣሁት።

ሰኞ ፋብሪካ አለቃዬን አስፈቅጄ ከቁርጥራጩ ውስጥ ወፍራም ነጭ ጨርቅ መረጥኩ። ልካቸውን አልጠየቅኩም፤ የቀደድኩትን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ሁለት ኪስ፣ ረጅም ማሰሪያ። ሰፍቼ ስጨርስ ምድጃዬ አጠገብ ምስማር መትቼ ሰቀልኩት። ማክሰኞ አዩት። ረቡዕ ጠርዙን በጣታቸው ነካ አድርገው አለፉ። ሐሙስና ዓርብ ቀና ብለውም አላዩት።

ቅዳሜ የጭነት መኪናው መጣ። የአባባ ሻንጣ በገመድ ታስሮ በሩ ሥር ቆሟል። እኔ በልማዴ ዶሮ ገዝቼ መጥቻለሁ። የሚካፈለኝ ስለሌለ ደረቱንም አጥንቱንም አንድ ድስት ውስጥ ጣልኩት፤ እሳቱን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። ውጭ ፍራሽ ሲጭኑ፣ «ቀስ! ቀስ!» ሲባባሉ ይሰማኛል። ዘወር ብዬ ማየት ፈራሁ።

«አንቺ!»

ደነገጥኩ።

«ይሄ ምን ዓይነት እሳት ነው? ቤቱን ልታነጂው ነው? ደረቱን አውጪው አሁኑኑ! አጥንቱ ብቻ ይቅር፣ ውሃውንም ድፊውና እንደገና እንጀምር።»

ሽርጡን ለብሰዋል። ትከሻቸው አልታዘዝ ብሎ ማሰሪያው ከኋላ አልደረሰላቸውም። ጀርባቸውን ሰጡኝ፣ አሰርኩላቸው።

ሙሽሪት ድስቷን አቅፋ ልትሰናበተን በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ሽርጡን አየች፣ የታሰረውን ሻንጣ አየች፣ እኔን አየችኝ። ያን ፊት አወቅኩት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ መስታወት ውስጥ ሳየው የኖርኩት ፊት ነው።

«እሑድ እሑድ ኑ» አልኳት። ከልቤ ነው። ከግማሽ ልቤ።

«እሺ እትዬ» አለች። ፈገግታው አልነበረም።

አባባ ሁለታችንንም አላዩንም። ድስቱን አጋድለው ውሃውን እየደፉ፣ «ምን ትገተሪያለሽ አንቺ?» አሉኝ። «እሳቱን ቀንሺ ብዬሻለሁ፤ ሽንኩርቱንም አምጪ።»

እሳቱን ቀነስኩ።