ሙሉ ሰልባትዮ

ፈሃድ ለሦስት ሳምንት ሥራ ጄኔቭ እሄዳለሁ ብሎ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የፈሃድ ውሸት ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያድር ዙሪክ፣ አፎልተርን ካለው ቤታቸው ደጅ ላይ ተያዘ።

ሚስቱ ሐያት ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ፣ የመኪናቸውን ሰልባትዮ እስከ አፉ ቤንዚን ሞልቶ፣ ከትንሽ ጠርሙስ መድኃኒት ሲጨምርበት አገኘችው። ስምንት ዓመት የመካኒክ ሚስት ሆና ይህ አይጠፋትም። ደሴ እያሉ ለረጅም ጊዜ የሚቆም መኪና ሰልባትዮው ተንጠፍጥፎ ነበር የሚቀመጠው፤ ዘበኛው በጎማ ቱቦ እንዳይመጥጠው! እዚህ ግን የጎደለ ሰልባትዮ ውስጡ እያላበው ይዝጋል፤ ስለዚህ ይሞላል፣ ቤንዚኑ እንዳይበላሽም መድኃኒት ይጨመርበታል። ያስተማራት ራሱ ነው። ለሦስት ሳምንት ብሎ እንዲህ የሚደክም መካኒክ የለም።

ጠርሙሱን ነጥቃ አነበበችው። «ሁለት ዓመት ያቆያል ይላል። የት ልትሄድ ነው?»

«ደሴ» አለ አቀርቅሮ። «እማዬ እየሞተች ነው፣ ሐያቴ። በረራዬ ዛሬ ማታ ነው።»

ስደተኛ ነኝ ብሎ የተቀመጠ ሰው አገሩ ከገባ የመኖሪያ ፈቃዱን ይነጠቃል። «እኔስ?» አለችው።

«መኪናውን ያልሸጥኩት እመለሳለሁ ብዬ አይደል?» ቁልፉን ሰጣት። «መድኃኒቱ ሞተሩ ድረስ እንዲዘልቅ አሥር ደቂቃ ይነዳ። አንቺው ንጂው።»

እሱ ቦርሳውን ከኋላ ጥሎ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ነዳችው። የዜባህን ሰፈር አለፈች፤ አሥር ደቂቃውም አለፈ። አውራ ጎዳናው ላይ ወጣችና ቤንዚኑን ረገጠችው።

«ሐያት፣ ወዴት ነው?»

«ጄኔቭ አይደል ያልከኝ? ጄኔቭ እወስድሃለሁ!»

ለመናት፣ ተቆጣት፣ በመጨረሻም አለቀሰ። እሷም እያለቀሰች ነዳች። በረራው ሲያመልጠው መንገዱን አጋምሰው ነበር። ጄኔቭ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ስልኩ ጮኸ፤ እህቱ ናት። «ኢና ሊላሂ» አለና ስልኩን ዘጋ። ያን አውሮፕላን ቢይዝም እናቱን በሕይወት አያገኛትም ነበር፤ ግን ይህን ደፍሮ ማን ይነግረዋል? ሐያት እንግዲህ አይሄድም ብላ አሰበች፤ ወዲያው በራሷ አፈረች።

ጄኔቭ መግቢያ ላይ፣ ግራንድ ሳኮኔ ሲደርሱ «እዚህ አቁሚ» አላት። አቆመች። አውሮፕላን ከራሳቸው በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። በደመ ነፍስ የነዳችው እስከ ኤርፖርቱ አፍንጫ ድረስ ነበር።

ፈሃድ ከኋላ ወንበር ቦርሳውን አነሳ። «ለቀብሯ አልደርስም። ለሰደቃዋ እደርሳለሁ።»

«ፈሃድ፣ አፈር ስሆን!» እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀና ጠርሙሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

«የሰልባትዮው ግማሽ አልቋል። አፎልተርን ስትደርሺ ሙዪውና ይቺን ጨምሪበት» አላት።