ጉንጯ ላይ እሾህ ያላት

መጋረጃው ተዘግቷል። የከሰዓቱ ፀሐይ በጨርቁ እየተጣራ ሲገባ ሳሎኑን ውሃ አስመስሎታል፤ ከመስታወቱ ገንዳ የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ደግሞ ጣሪያው ላይ ይሞላል ይጎድላል። እናት ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ያንን የጣሪያ ባሕር ስታይ፣ ቤቱ ከነዕቃው ቀስ እያለ የሚሰምጥ መሰላት። ድሮም እንዲህ ናት። ደስ የሚል ነገር ሲያጋጥማት ቀድሞ የሚታያት መጨረሻው ነው።

ገንዳው ውስጥ ሎሚታ ትዞራለች። ሎሚታ መዳፍ የማትሞላ ቢጫ ዓሣ ናት፤ ዓይኗን ሰማያዊ ቀለበት ከቦታል። ዓሣ ሻጩ «ትንንሽ መልአክ» ከሚላቸው ወገን ናት። ልጅቷ ተማሪ ሳለች ነበር ያመጣቻት። አሁን ልጅቷ አድጋ ጓዳ ውስጥ ሻንጣዋን እያሰረች ነው፤ ነገ ጠዋት ሥራ ልትጀምር ሌላ ከተማ ትሄዳለች፣ አይታት ከማታውቃት ልጅ ጋርም አንድ ክፍል ተከራይታለች። ሎሚታ ብቻዋን እንዳትቀር ብላ ዛሬ ጓደኛ ገዝታላታለች።

አዲሷ፣ ቀዳዳ ባለው ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ሆና፣ እዚያው ገንዳው ውስጥ ተንጠልጥላለች። እሷም ቢጫ ናት። ጭንቁም እዚህ ላይ ነው። ባሕር ውስጥ መልአኳን የምትመስል ሌላ ዓሣ አለች፤ ልጅ ሳለች ቢጫውንም ሰማያዊውንም፣ ፈተና እንደሚኮርጅ ተማሪ፣ አንድ ሳታስቀር ትኮርጃለች። ስታድግ ግን ትጠቁራለች፣ ትገዝፋለች፣ ጅራቷ ሥር ያለው ስለትም ይበረታል። እንደዚህ ባለ ጠባብ ገንዳ ከእሷ ጋር መኖር ለሎሚታ ሞት ነው። እውነተኛ መልአክ ከሆነች ግን ማነሷ ደግ ነው፤ በእነዚህ ዓሦች ወግ ትልቋ ወደ ወንድነት ትለወጣለች፣ ትንሿ ሴት ሆና ትቀራለች፣ ይኗኗራሉ። ልጅቷ ከሄደች በኋላ የሚሆነውን የምታየው እናት ብቻ ናት።

ስልክ ደወለች። ዓሣ ሻጩን ሰፈሩ ሁሉ «ጨዋው» ይለዋል፤ ከጠባዩ ይሁን ከጨው ውሃው ማንም አያውቅም።

«ስማ ጨዋው፣ የሰጠሃት እውነት መልአክ ናት?»

«እትዬ፣ የመጣችበት ካርቶን መልአክ ይላል። ካርቶን ደግሞ ይዋሻል። ጉንጯን ይዩ፤ መልአክ ከሆነች ወደ ኋላ የሾለ እሾህ አላት። አስመሳይዋ የላትም። ካልሆነች ዛሬውኑ ይመልሱልኝ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«እሱን እሷም ገና አልወሰነችም።»

ስልኩን ዘግታ፣ «መልአክ እሾህ አለው ሲባል ሰምቼ አላውቅም!» አለች።

«ለዚያ እኮ ነው በመረብ አትንኪያቸው የምልሽ!» አለች ልጅቷ ከጓዳ። «እሾሁ ክሩን ይይዛል። በብርጭቆ ነው የሚቀዱት።»

«እንደ ውሃ?»

«እንደ ውሃ፣ እማ።»

እናት መነጽሯን አድርጋ ተንበረከከች። ትንሿ ግን ጥግ ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። እናት ትንፋሿ መስታወቱን ሲያደበዝዘው በእጅጌዋ ትጠርገዋለች፤ ደግሞ ይደበዝዛል። መስታወቱ በደበዘዘ ቁጥር የምታየው ዓሣዋን ብቻ አልሆነም። አንዲት ልጅ፣ በሰው ከተማ፣ በሰው ክፍል፣ ጥግ ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታየቻት። ከውጭ ደግሞ አንድ የማታውቀው ነገር ይዞራል።

ወዲያው ሎሚታ ክንፎቿን ገትራ መጣችና ሳጥኑን በጎኗ መታችው። አንዴ፣ ደገመች። ክዳኑ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ሎሚታም በላዩ ዘላ ልትገባ ወደ ላይ ቀናች።

«ወይኔ! ጉዴ ፈላ!» እጇ ያገኘውን ያዘች። ያገኘው መረቡን ነበር። ትንሿን ከሳጥኑ ጨልፋ ልታወጣት ስትል፣ ዓሣዋ ራሷን ጠምዘዝ አደረገችና የመረቡ ክር ላይ ተሰክታ ቀረች።

«ገደልኳት! ልጄ፣ ድረሺልኝ! ገደልኳት!»

ልጅቷ የጥፍር መቁረጫ መቀስ ይዛ መጣች። «መረቡን ከውሃ እንዳታወጪው! እዚያው ያዢው።»

«እየተወራጨች ነው።»

«ትወራጭ። ብቻ አታውጪው።»

ውሃው ውስጥ አራት እጅ ተገናኘ። ልጅቷ አንዲት ክር ያዘች፣ በመቀሱ ቆረጥ አደረገቻት። ትንሿ ቢጫ ከመረቡ ሾልካ፣ ወደ ሳጥኑ ሳይሆን ወደ ገንዳው ገባች።

ሎሚታ መጣች፣ ዞረቻት፣ ደግሞ ዞረቻት። ትንሿ በጎኗ ዘንበል ብላ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። እናት ዓይኗን ጨፍና ክፉውን ስትጠብቅ ቆየች። ብትጠብቅ ብትጠብቅ አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ ሁለቱም ከአንድ ድንጋይ ላይ አረንጓዴ የውሃ ሽበት እየለቀሙ ነበር፤ ጥላቸው ጣሪያው ላይ አንድ ላይ ይንሳፈፋል።

ልጅቷ መሳቅ ጀመረች። «እማ፣ መረቡ በየቷ ነው የያዛት?»

እናት የተቆረጠውን ክር አየች። «በጉንጯ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ገባት። «በጉንጯ! እሾህ አላት እንዴ?»

«አንቺ ፈርተሽ መረብ ባታነሺ ኖሮ እስካሁን መስታወት እየጠረግሽ ነበር።»

እናት መረቡን ወስዳ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ እጅ በማይደርስበት ሰቀለችው፤ አንድ ንጹሕ ብርጭቆ አምጥታም ገንዳው አጠገብ አስቀመጠች። ልጅቷ የሻንጣዋን ዚፕ እየሳበች ሳለ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«ያቺ አብረሻት የምትኖሪው ልጅ…»

«ጉንጯን አያለሁ፣ እማ።»

«እሾህ ካላት ችግር የለም፤ ራስሽን ዝቅ አድርገሽ እለፊ» አለች እናት፣ ከልቧ። «ለስላሳ ከሆነች ግን በሞቴ፣ በማግስቱ ተመለሺልኝ።»