ጠልሐ ሳይወዛወዝ የተነሳው ፎቶ

ጠልሐ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በነዚህ ሰባት ዓመታት ውስጥ ሰባት ደቂቃ ረግቶ የተቀመጠበት ቀን አይታወቅም። ይህን ልጅ ነው እንግዲህ ሃያ ደቂቃ ሳትነቃነቅ ተኛ የተባለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ጠልሐ ቁርአን ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሳለ ዓይኑ ፍዝዝ አለና ተዘርሮ ወደቀ፤ እጅና እግሩም ተንቀጠቀጠ። በሳምንቱ ደገመው። የመካነ ሰላሙ ሐኪም የአንጎሉ ፎቶ ይታይ ብሎ ወረቀት ጽፎ ወደ ደሴ መራቸው። ፎቶ ሲባል ታዲያ ፈገግ በል የሚባልበት ዓይነት አይደለም። ኤም አር አይ የሚሉት ትልቅ ማግኔት ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ እየተንኳኳበት፣ ድርቅ ብሎ መተኛት ነው። ልጁ ከተነቃነቀ ፎቶው ይደበዝዛል። ከደበዘዘ በማደንዘዣ ተኝቶ ፎቶውን እንደገና ይነሳል፤ የማደንዘዣው ተራ ደግሞ ወር ይፈጃል። ያን ወር ሙሉ ዛሬ ይወድቅ ይሆን፣ ነገ ይወድቅ ይሆን እያሉ ሊኖሩ ነው።

ይህችን ወር ነበር እህቱ አርዋ የፈራቻት። አርዋ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ በባዮሎጂ አንደኛ፣ አርፎ በመቀመጥ የመጨረሻ። ሁለቱንም ጊዜ ሲወድቅ አጠገቡ የነበረችው እሷ ናት፤ ሦስተኛውን ለማየት ምንም ፍላጎት የላትም። ስለዚህ ማንም ሳያዛት ልምምድ ጀመረች። ጠልሐን በሰሌን ጠቅልላ ታስተኛውና ጆሮው ሥር ባልዲ ትደበድባለች። መጀመሪያ ቀን ሦስት ደቂቃ ቆየ። በአምስተኛው ቀን ጎረቤታቸው ራሕማ ባልዲውን ሊቀሟት መጡ፤ ጠልሐ ግን ሃያ ደቂቃውን ሞልቶ ነበር።

በዚያው የአንጎልን ነገር አስጠናችው። ፊት ለፊት ያለው የምታስብበት ነው፣ ኋላ ያለው የምታይበት፣ ከማጅራትህ ከፍ ብላ ያለችው ትንሿ አንጎል ሚዛንህን የምትጠብቅልህ ናት፤ ያንተዋ መቼም ሥራ በዝቶባታል፣ አለችው። እሱ ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቀራሁት ቁርአን የቱ ጋ ነው የተቀመጠው? አርዋ አላወቀችም። አላውቅም ማለት ስለማይሆንላት ደሴ ስንደርስ ታየዋለህ ብላ ገላገለችው።

ከአባታቸው ከአቶ አብዱሰላም ጋር በሚኒባስ ሄዱ። ያ መንገድ የደህናውንም ሰው አንጎል ከቦታው ያነቃንቃል። የምርመራ ማዕከሉ ውስጥ የተቀበላቸው ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ምንይችል ነበር። አባታቸው ዶክተር ሲሉት አይደለሁም አላቸው፤ ደግመው ሲሉት አይደለሁም አለ፤ በአራተኛው ተስፋ ቆርጦ ዶክተር ሆነ። ብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው ብሎ የጠልሐን ኪስ ሲበረብር ሁለት ብይ፣ አንድ ምስማርና የማንም ያልሆነ ቁልፍ አገኘ።

ጠልሐ ሲገባ አባቱ እጃቸውን ግንባሩ ላይ ጭነው ዱዓ አደረጉለትና፣ "አትፍራ፤ የያሲንን ሱራ በልብህ ቅራ" አሉት። አርዋም አሚን አለች።

ማሽኑ መንኳኳት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የምንይችል ፊት ጠቆረ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጭጋግ የዋጠው የአቀስታ ጋራ እንጂ የሰው ጭንቅላት አይመስልም።

"ልጁ ይነቃነቃል" አለ። "አንድ ጊዜ ብቻ ልድገምላችሁ። ካልሆነ የማደንዘዣውን ቀጠሮ ነው የምታስይዙት።"

አርዋ አምስት ቀን የደበደበችው ባልዲ ትዝ አላትና ተናደደች። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ አየች። ከጠልሐ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው፤ ጣቶቹ ወደፊት ወደኋላ፣ ወደፊት ወደኋላ ይላሉ። ይህን አካሄድ ታውቀዋለች። ቁርአን ቤት ሲቀራ የማይወዛወዝ ልጅ የታለ? አፍና ወገባቸው በአንድ ማብሪያ ነው የሚሠሩት። ሰሌኑ ውስጥ ቅራ ያለው ሰው ስላልነበረ ረግቶ ተኛ፤ አሁን ግን ምስኪኑ አባቱን መታዘዙ ነው።

ማሽኑ ሲቆም ሻርፗን የያዘችበትን መርፌ ነቅላ፣ ምንይችልን አስከትላ ገባች። መቅራትህን ተው እንዳትለው አባቱ ናቸው ያዘዙት፤ ደግሞ ፍርሃቱን የያዘለት መቅራቱ ነው። ቆይ፣ ጠልሐ በቀን አንዴ የሚረጋበት ሰዓት አለ ለካ። ሉሁን፣ ያን አንቀጹን በጥላሸት ቀለም የሚጽፍበትን ጣውላ፣ ፀሐይ ላይ ይዞ ሲቆም ዝንብ እንኳ ቢያርፍበት እሽ አይልም።

"ጠልሐ፣ ሉህህን ጽፈህ ስትጨርስ ምን ታደርጋለህ?"

"እስኪደርቅ እጠብቃለሁ።"

"ከተወዛወዝክስ?"

"ቀለሙ ይፈሳል። ሼሁ እንደገና ያስጽፉኛል።"

"ይሄ ማሽን አሁን ጭንቅላትህን እየጻፈው ነው። ጩኸቱ እስኪያቆም ቀለሙ እርጥብ ነው። ቅራ፣ ግን እንዳታፈሰው።"

ጠልሐ ዓይኑን ብቻ ወደ ምንይችል አዞረ። "እውነቷን ነው?"

"እውነቷን ነው" አለ ምንይችል። "ስንት ልጅ አፍስሶብኛል መሰለህ።"

ሃያው ደቂቃ አልቆ ሊያልቅ አልቻለም። የጠልሐ ጣቶች ግን ንቅንቅ አላሉም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲወዛወዝ የታየ ቢኖር አባቱ ብቻ ናቸው፤ ጥግ ላይ ቆመው በልባቸው ይቀሩ ነበር።

ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ጥቅል ጎመን ይመስላል፤ ትንሿም አንጎል ከኋላ ቁጢጥ ብላለች። ጠልሐ ከማሽኑ ወርዶ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች መረመረው።

"ያሲን የታለ?"

ምንይችል ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። "ማሽኑ ሉሁን ነው የሚያነሳው። ጽሑፉን አያየውም።"

ጠልሐ ወደ እህቱ ዞረ። አርዋ በድንገት ሻርፗን ማስተካከል ነበረባት።

ከሰዓት በኋላ የማዕከሉ ሐኪም ፎቶውን በመብራት አይታ፣ እብጠትም ጠባሳም የለበትም፣ ሁሉም በየቦታው ነው አለች። ሕመሙ የሚጥል በሽታ ነው፤ ጠዋትና ማታ ሽሮፕ ይውሰድ፣ ከሦስት ወር በኋላ ልየው። አባታቸው አልሐምዱሊላህ አሉ። አርዋ "ሁሉም በየቦታው" የሚለውን አንዴ ይድገሙልኝ ብላ አስደገመቻት።

ሲመለሱ ሚኒባሱ እንደ ልማዱ ሁሉንም ያንገጫግጫል። ጠልሐ ግን ወገቡን አቅንቶ፣ ፎቶውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ በሁለት እጁ ዳር ዳሩን ይዞ እንደተተከለ ነው። አቀስታ ሲደርሱ አባቱ ሊያዩት እጃቸውን ዘረጉ።

"አባ፣ አይንኩት" አለ ጠልሐ፤ "ገና አልደረቀም።"