መስመር የቀየርንበት እሁድ

የኢስቶኒያ መብራት ከሩሲያ መስመር ተላቆ ከአውሮፓ ጋር በሚገናኝበት እሁድ፣ ባሌ ኤንዴል ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገባበትን የጓሮ ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ ለዚያ ቀን አቆየው። «ጨለማው ከመጣ ታጥቤ ልጠብቀው» አለ። አርባ ዓመት የመብራት መስመር ሲዘረጋ የኖረ ሰው ማንንም አያምንም። ወደ ሳውናው ሲገባ፣ «መስመሩ የሚቀየርበት ሰዓት ሲደርስ ብሬከሩን አጥፊው፤ ፍሪጁ እንዳይቃጠል» ብሎ አዘዘኝ። አጠፋሁት።

ሲወጣ ፎጣ ብቻ አገልድሞ በረዶው ላይ ቆመ። በደጃፉ ወደ ውስጥ ቢያይ ወጥ ቤቱ ጨልሟል፤ ሬዲዮውም ዝም ብሏል።

«አላልኩሽም? ይኸው ጠፋ! ይኼ ነው አውሮፓችሁ?» ብሎ ጮኸ። ደስ ብሎታል።

የጎረቤታችን የማይሙ መስኮት ግን ቦግ ብሎ በርቷል። በጣቴ አሳየሁት።

«ብሬከሩን አጥፊ ያልከኝ አንተ ነህ» አልኩት። «አገሩ ሁሉ አውሮፓ ገብቷል፤ ውጭ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። በል ግባ፣ ብርድ ሳይመታህ።»