ባልዲ ውስጥ የተደፉት ሸረሪቶች

አባባ ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ስለተኛ አሥራ ሰባት ቀን ከሥራ ቀረሁ። ስመለስ ቁልፌ የክፍሌን በር አልከፍት አለ። ጥበቃው በአዲስ ቁልፍ ከፈተልኝና ዓይኔን ሳያይ ሄደ። መደርደሪያዎቹ የሉም። ግድግዳው ተቀብቷል፣ መሐል ላይ የእንግዳ ሶፋ ተቀምጧል፤ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ቢጫ ባልዲ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሃያ ሁለት ዓመት ልፋቴ አልኮል ውስጥ እንደ ጉድፍ ተንሳፍፏል።

እኔ የሙዚየም ናሙና ጠባቂ ነኝ። ባልደረቦቼ «እመት ሸረሪት» ይሉኛል፤ ለምጄዋለሁ። የምጠብቀው ከረጢት ሠሪ የሚባሉትን ሸረሪቶች ነው። እነሱ ድር ዘርግተው ዝንብ አይጠብቁም። ሌሊት እየዞሩ ያድናሉ፤ ቀን ቅጠል ጠቅልለው ወይም ቅርፊት ሥር ገብተው፣ በሠሩት የሐር ከረጢት ውስጥ ያርፋሉ። እናቲቱም እንቁላሏን እዚያው ሆና ትጠብቃለች። ቤተሰቡ ከስድስት መቶ በላይ ዝርያ አለው፤ ከበረዷማ ጫካ እስከ ሞቃት ደሴት ዘመድ ያልዘራበት አገር ጥቂት ነው። ለተራ ዓይን ሁሉም ገርጣ ያለ ቡናማ ነው፤ የሚለየው በማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። ከሺህ በላይ ነበሩኝ፤ እያንዳንዱ በየብልቃጡ፣ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ከየትኛው ዛፍ እንደያዘው ከሚናገር ወረቀት ጋር። ወረቀቶቹ ከቆሻሻ ጋር ተቃጥለዋል።

ኃላፊው ቢሮ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?»

«ተረጋጊ እንጂ! ብልቃጦቹ ለሌላ ክፍል ተፈለጉ፤ እንግዳ መቀበያም ያስፈልገን ነበር። ደሞስ ሁሉም ያው ቡናማ ሸረሪት አይደል? አንድ ሁለቱ ይበቃሻል።»

«እርስዎስ፣ ልጆችዎ ስለሚመሳሰሉ አንዱን አስቀርተው ሌሎቹን ይጥላሉ?»

ፊቱ ተቀያየረ። አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። «ናሙናዎቹ አስቀድመው በመበላሸታቸው ተወግደዋል» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስምና የፊርማ ቦታ።

«አልፈርምም።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው የምትዪው? በይ እሰሪኝ!» ብሎ ሳቀ።

«የኔዎቹ ድር አያደሩም፤ አሳደው ነው የሚይዙት» አልኩትና ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ለአባባ ነገርኩት።

«ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ፈርሚና ደሞዝሽን ብዪ።»

«አባባ፣ አንተ ልብስ ሰፊ ነበርክ። የሰፋኸውን ኮት ሌላ ሰው ቀዶ፣ ‹ድሮም የተቀደደ ነበር ብለህ ፈርም› ቢልህስ?»

«በመቀስ ነበር የማባርረው» አለ።

በማግስቱ የጽዳት ሠራተኛችን እማማ ዓይናቸው ቀልቶ መጡ።

«ልጄ፣ የደፋሁት እኔ ነኝ። ግን በቃል አይሆንም፣ ይጻፍልኝ ብዬ አስጽፌያለሁ። ነገር ሲበላሽ ቀድሞ የሚከሰሰው መጥረጊያ የያዘው ነው።»

ከሽርጣቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ አንድ ወረቀት አወጡ። «ብልቃጦቹ ባዶ ይደረጉ» ይላል፤ ከነቀኑ፣ ከነኃላፊው ፊርማ። ልቆጣቸው አስቤ ነበር፤ አቅፌያቸው አለቀስኩ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ኃላፊው «ተበላሽተው ነበር» ሲል እማማ ወረቀታቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ላቡን መጥረግ ሆነ። ታዲያ የተባረረ መሰላችሁ? ተዛወረ! ለዚያውም መኪና ወዳለው ወንበር። ይህን ስናገር እንኳ ደሜ ይፈላል።

ክፍሉ ተመለሰልኝ። ባልዲውን በወንፊት አጥልዬ፣ ሸረሪቶቹን አንድ በአንድ እያየሁ ስለይ ስምንት ወር ሆነኝ። ዝርያቸውን ይነግሩኛል፤ አገራቸውን ግን አይነግሩኝም። ስለዚህ ናሙና ለላኩልን ሰዎች ሁሉ ደብዳቤ ጻፍኩ። ብዙዎቹ ሞተዋል። አንድ ጡረታ የወጡ ሰብሳቢ ግን ከባሕር ማዶ የመስክ ደብተራቸውን ቅጂ ላኩልኝ። እሳቸው የላኳቸውን ዝርያዎች ሌላ ሰው ልኮልን ስለማያውቅ፣ አርባ አንድ ሸረሪቶችን ከነዛፋቸው ለየሁ። ከቅጂው ጋር አጭር ማስታወሻ አለ፦ «ዝናብ እየደበደበኝ ነው የያዝኳቸው። የደፋቸው ሰው ስሙ ማን ይባላል?»

ስሙን ከነአዲሱ አድራሻው ጽፌ ላክሁላቸው።