ያልተጠጣው የቦርደዴ ወተት

አሰልጣኛችን ጋሽ አጥናፉ ሰው አያምኑም ነበር። ኳሷን ራሳቸው ነፍተው፣ ራሳቸው አስረው፣ ልምምድ ሲያበቃ በብብታቸው ሸጉጠው ቤታቸው ይገባሉ። የአሰበ ተፈሪ ታዳጊ ቡድን ጎል ሲያገባ እንኳ እኛን ከማመስገን ይልቅ የተጋጣሚን በረኛ አፍጥጠው እያዩ፣ «ምን አስቦ ለቀቀልን?» ይላሉ።

በ1957 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በጨርጨር የታዳጊዎች ውድድር ቦኬን አሸነፍንና የመጨረሻው ጨዋታ ከቦርደዴ ጋር ሆነ። ያሸነፈ ድሬዳዋ ይሄዳል፤ እዚያ ትልልቅ ክለቦች ልጅ ይመርጣሉ። ሁላችንም ቋምጠናል፤ የበረኛችንን የመስዑድን ያህል የቋመጠ ግን አልነበረም። «ድሬ ገብቼ አንዴ ይዩኝ እንጂ» ይል ነበር። ጉራ አይደለም፣ በአውራጃው እንደሱ ያለ በረኛ አልነበረም።

በጭነት መኪና ቦርደዴ ወረድን። ሙቀቱ ናላ ያዞራል። የአገሩ ሰው እንግዳ የሚቀበለው በወተት ነውና አብዱላሂ የሚባሉ ሽማግሌ ትልቅ ቅል ሙሉ የላም ወተት ይዘው መጡ። «ኮታ፣ ኮታ ልጆቼ፤ ኑ ጠጡ» አሉን። መስዑድ ቅሉን በሁለት እጁ ተቀበለና ከንፈሩን ሳያስነካ ለተጠባባቂው በረኛ ለዳምጤ አሳለፈው።

ጋሽ አጥናፉ አዩት።

«ለምን አልጠጣህም?»

«ሆዴን ትንሽ አሞኝ ነው ጋሼ» አለ መስዑድ፣ መሬት መሬት እያየ። መዋሸት አይችልበትም። ረመዳን ካለፈ ወራት ስለሆነው ጾም ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጋሽ አጥናፉ ቅሉን ከዳምጤ እጅ ነጥቀው ለሽማግሌው መለሱ። ሽማግሌው ክው አሉ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከመኪናው ጀርባ ሰብስበውን፣ «የመስዑድ እናት ዘመዶች የዚህ አገር ሰዎች ናቸው። ወተቱ ውስጥ ያለውን ነግረውታል። ውሃቸውንም እንዳትቀምሱ» አሉ። ጎሉ ላይ ዳምጤ እንዲቆም አዘዙ። መስዑድ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ የዛሬን ብቻ ያሰልፉኝ።»

«የዛሬን ለምን?» አሉ። ልመናውም ሌላ ጥርጣሬ ሆነ።

ከእረፍት በኋላ ምላሳችን ደርቆ እግራችን አልታዘዝ አለን። ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። የቦርደዴ ልጆች ያንኑ ወተት ጠጥተው እንደ ፌንጣ ሲዘሉብን ዋሉ። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ስንመለስ ሚኤሶ ላይ ፀሐይ ጠለቀች። መስዑድ ከኪሱ ቴምር አወጣ፤ «ቢስሚላህ» ብሎ ጎረሰና ከኮዳው ውሃ ጠጣ።

«ስለት ነበረብኝ» አለ ወደ ጋሽ አጥናፉ ዞሮ። «ቦኬን ካሸነፍን ቀጣዩን ጨዋታ ጾሜ እጫወታለሁ ብዬ ለአላህ ቃል ገብቼ ነበር። ብነግርዎ ‘በባዶ ሆድህ አትችልም’ ብለው ያስቀሩኛል ብዬ ፈራሁ።» ከዚያ ፊቱን በማልያው ሸፍኖ አለቀሰ።

ጋሽ አጥናፉ በብብታቸው የሸጎጧትን ኳስ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ቀጥሎ ቀስ ብለው፣ «ብትነግረኝ ኖሮ አሰልፍህ ነበር» አሉ።

ከልባቸው ይመስላል። መኪናው ላይ ያመናቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም።